የኤሌክትሪክ ጊታር ገጽታ እድሳት

የኤሌክትሪክ ጊታር ገጽታ እድሳት ማለት ያረጀ፣ የቆሸሸ ወይም ቀለሙ የተላላጠ የኤሌክትሪክ ጊታርን በማጽዳት፣ ውጫዊ ክፍሎቹን በመለወጥ ወይም እንደገና በመቀባት አዲስ መልክ መስጠት ነው። ሥራውን ብዙ ሙዚቀኞች በቤታቸው፣ በቀላል መሣሪያና በአነስተኛ ወጪ ያከናውኑታል። ከሦስቱ መንገዶች ጽዳት ከሁሉም ርካሽ ነው። ክፍሎችን መለወጥ መካከለኛ ወጪ አለው። ቀለም መቀባት ግን ብዙ ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጽዳትና የክፍሎች ለውጥ ጊታሩን በነበረበት ሁኔታ ያቆዩታል፤ የተፋቀ ቀለም ግን ተመልሶ አይገኝም። በዚህም ምክንያት ሥራው ከጽዳት ተጀምሮ፣ ጽዳትና የክፍሎች ለውጥ በቂ ሳይሆኑ ሲቀሩ ብቻ ወደ ቀለም ቢሄድ ይመረጣል።

ገጽታና ድምፅ

በክራር ወይም በአኩስቲክ ጊታር የክሩን ድምፅ የሚያጎላው የመሣሪያው አካል ራሱ ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን የብረት ክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ፒክአፕ የተባለው ክፍል ነው። ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለው። ምልክቱ በገመድ ወደ ማጉያው ሄዶ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ከወፍራም ድፍን እንጨት የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ቀለሙ ቢቀየር በድምፁ ላይ የሚታየው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው።

ድምፁንና አጨዋወቱን የሚያበላሸው በእድሳት ጊዜ የሚፈጸም ስህተት ነው። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ በቀለም ከተሞላ አንገቱ በትክክል አይቀመጥም። ከድልድዩ ጋር የተያያዘው የመሬት ሽቦ ከተቆረጠ ደግሞ ጊታሩ ያለማቋረጥ እዝ የሚል ድምፅ ያሰማል።

ታሪክ

በፋብሪካ ጊታርና በመኪና ቀለም መካከል የቆየ ግንኙነት አለ። የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልዩ ቀለሞቹን ያዘጋጅ የነበረው ዱፖንት ለመኪና ከሚያመርታቸው ቀለሞች ነበር። ከነዚህም ሌክ ፕላሲድ ብሉ የተባለው ሰማያዊ ከካዲላክ መኪና የመጣ ነው።

ታዋቂ ሙዚቀኞችም ጊታራቸውን በእጃቸው ቀብተዋል። ጆርጅ ሃሪሰን በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሰማያዊ ስትራቶካስተር ጊታሩን በሚያበሩ ደማቅ ቀለሞች አስጊጦታል፤ በጊታሩ ራስ ላይ የተጠቀመው የባለቤቱን የጥፍር ቀለም ነበር። ጊታሩ በኋላ ሮኪ የሚል ስም ወጣለት። ኤዲ ቫን ሄለን ደግሞ በ1970ዎቹ በ50 ዶላር የገዛውን የጊታር አካልና በ80 ዶላር የገዛውን አንገት ገጣጥሞ ፍራንከንስታይን የተባለውን ጊታር ሠራ። አካሉን በመጀመሪያ ጥቁር ቀባው፤ ከዚያ በላዩ ላይ የቴፕ ቁራጮች አጣብቆ በነጭ ቀባውና ቴፑን ሲያነሳ የጥቁርና የነጭ መስመሮች ወጡ። በኋላም በተመሳሳይ መንገድ ቀይ ቀለም ጨመረበት። ይህ በርካሽ የተሠራ ጊታር በ2019 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል።

ጊታሩን አስቀድሞ መለየት

ከማንኛውም ሥራ በፊት ጊታሩ መቼና የት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የሥሪት ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጀርባ ወይም አንገቱን ከአካሉ በሚያያይዘው ብረት ላይ ይገኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ የፌንደርና የጊብሰን ጊታሮች የመጀመሪያ ቀለማቸው ቢፈዝም ወይም ቢሰነጣጠቅም እንዳለ መቆየት አለበት። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ለዚሁ ቀለም ስለሆነ፣ እንደገና የተቀባ ጊታር ብዙ ጊዜ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን ያጣል። በብዛት የተመረቱ የጀማሪ ጊታሮች ግን ይህ ስጋት ስለሌለባቸው ለመለማመጃ ተስማሚ ናቸው።

ጽዳት

ብዙ ጊታሮች ያረጁ የሚመስሉት ላብ፣ አቧራና የሲጋራ ጭስ ስለተከማቸባቸው ነው። ክሮቹ ቀስ በቀስ ከላሉ በኋላ ይወጣሉ፤ አካሉ በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል። የደረቀ ቆሻሻ በላይተር ቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ይለቃል፤ ይህ ፈሳሽ ቶሎ የሚቀጣጠል ስለሆነ ሥራው ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይከናወናል። ቲነርና አሴቶን ግን ቀለም ስለሚያሟሙ ለጽዳት አይውሉም።

ፍሬቶቹ 0000 በተባለው በጣም ቀጭን የብረት ሱፍ ሲታሹ ያበራሉ። የብረቱ ብናኝ በፒክአፑ ማግኔት ላይ ስለሚጣበቅ ፒክአፖቹ አስቀድመው በቴፕ ይሸፈናሉ። የጣት ሰሌዳው ያልተቀባ ጥቁር እንጨት ከሆነ በመጨረሻ ጥቂት የእንጨት ዘይት ይቀባል፤ በቫርኒሽ የተሸፈነ የሜፕል ሰሌዳ ዘይት አያስፈልገውም።

የደበዘዘ አካል ለመኪና በሚያገለግል ቀላል ማወልወያ ሊያበራ ይችላል። ሆኖም ወደፊት ቀለም የመቀባት ሐሳብ ካለ ሲሊከን ያለበት ማወልወያ መወገድ አለበት፤ ሲሊከን በነካው ቦታ አዲስ ቀለም ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

ክፍሎችን መለወጥ

ፒክጋርድ፣ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎች፣ የፒክአፕ ሽፋኖችና መቃኛዎች በርካሽ ሊለወጡ ይችላሉ። የፒክጋርድ ቀለም መለወጥ ብቻውን የጊታሩን መልክ በእጅጉ ይቀይራል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሳይለኩ በመግዛት ነው። ከግዢ በፊት የሚከተሉት ይለካሉ፦

የፒክጋርዱ የብሎን ቀዳዳዎች ብዛትና ቦታ። የቀድሞዎቹ ስትራቶካስተሮች 8 ቀዳዳ ሲኖራቸው የኋለኞቹ 11 አላቸው፤ ቅጂዎቹ ደግሞ በብዛት ቢመሳሰሉም በቦታ ሊለያዩ ይችላሉ።

የማስተካከያዎቹ ዘንግ ውፍረት። በአሜሪካ የተሠሩት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በእስያ የተሠሩት አብዛኞቹ 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለአንዱ የተሠራ ቁልፍ ለሌላው አይገጥምም።

በራሱ ላይ ያሉት የመቃኛ ቀዳዳዎች ስፋት። አዲሱ መቃኛ የበለጠ ቀዳዳ የሚፈልግ ከሆነ እንጨቱ በመሰርሰሪያ መስፋት ስለሚኖርበት ሥራው አይመለስም።

አሮጌዎቹ ክፍሎች ከነብሎናቸው ቢቀመጡ ጊታሩ በሚሸጥበት ጊዜ ይጠቅማሉ።

ቀለም መቀባት

ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱ ሽቦ አቀማመጥ ፎቶ ይነሳል። አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይወጣል፤ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ በወረቀት ቴፕ ይሸፈናል። የአንገቱ መግቢያም እንዲሁ ይሸፈናል።

የፋብሪካው ቀለም በደንብ የያዘ ከሆነ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አስፈላጊ አይደለም። በብዙ ጊታሮች ላይ ያለው ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሬቴን ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ለአዲሱ ቀለም ጥሩ መሠረት ይሆናል። የጎደጎዱ ቦታዎች በስቱኮ ይሞላሉ፤ ከዚያ አካሉ በሙሉ ከ320 እስከ 400 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እንዳያበራ ይደረጋል። አቧራው ከተጠረገ በኋላ ፕራይመር፣ ቀጥሎም ስፕሬይ ቀለም፣ በመጨረሻም ግልጽ ቫርኒሽ ይነፋል።

ሁለት ቀለሞች ካልተስማሙ የላይኛው ይጨማደዳል። ስለዚህ ፕራይመሩ፣ ቀለሙና ቫርኒሹ ከአንድ አምራች ቢሆኑ ይሻላል፤ ሁሉም አስቀድሞ በፒክጋርዱ ሥር በሚደበቅ ቦታ ላይ ይሞከራሉ። ቀለሙ በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተነፋ ይወርዳል፤ በስስ በስሱ፣ በጣሳው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እየተጠበቀ ሲደጋገም ግን እኩል ይሆናል።

አብዛኛው የቤት ሥራ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ሲነካ የደረቀ የሚመስል ቀለም ከውስጥ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ለመጠንከር እንደ ቀለሙ ዓይነት ቀናት ወይም ሳምንታት ይፈልጋል። የቀለም ሽታው ሳይጠፋ ከተገጣጠመ ብሎኖቹና ፒክጋርዱ ምልክት ይተዉበታል። ከጠነከረ በኋላ ከ1000 እስከ 2000 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይታሻል፤ ቀጥሎም ይወለወላል። በጠርዞቹ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እዚያ ሲታሽ እጅ መቅለል አለበት።

ገንዘብ ለመቆጠብ የተዘጋጀውን አካል ወደ መኪና ቀለም ቀቢ መውሰድም ይቻላል። ቀቢው ለመኪና ካዘጋጀው ቀለም ጋር አብሮ ሲነፋው ወጪው ይቀንሳል።

የጤና ጥንቃቄ

የስፕሬይ ቀለም ትነት ለሳንባ ጎጂ ነው፤ ሥራው ከቤት ውጭ ወይም በር በተከፈተበት ቦታ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ባለው ጭምብል መከናወን አለበት። የጨርቅ ጭምብል ትነትን አያግድም። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቁት ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለሞች አስም ሊያስከትል የሚችል አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስላላቸው ለቤት ሥራ አይመከሩም፤ ተገቢ መሣሪያ ላለው ቀቢ መተው ይኖርባቸዋል።

መገጣጠም

በመጨረሻ ክፍሎቹ በፎቶው መሠረት ይገጠማሉ። ሽቦዎቹ፣ በተለይም ወደ ድልድዩ የሚሄደው የመሬት ሽቦ፣ በብየዳ መያዛቸው ይረጋገጣል። አዲስ ክር ከገባ በኋላ የክሮቹ ከፍታና የድልድዩ አቀማመጥ እንደገና ይስተካከላሉ፤ ጊታሩ ቢያምርም ይህ ካልተደረገ ቅኝቱን አይዝም።