መጋረጃ ሳይዘጋ ሥዕል ለማየት

የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት በተጀመረ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ መጋረጃ መዝጋት ነው። መብራት ይጠፋል፤ የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ የሚናገሩትን በዳበሳ እንጽፋለን። ማታ ደብተራችንን ስንገልጥ መስመሩ በመስመር ላይ ተደርቦ እናገኘዋለን። ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጡት ወንድሞቻችን እንቅልፍ ባናነሣ ይሻላል። መጋረጃው ሲከፈት ደግሞ ሥዕሉ ይጠፋል። እንግዲህ ብርሃንና ሥዕል በአንድ ክፍል አብረው ሊኖሩ አይችሉምን? ይችላሉ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሊመጣ ይገባዋል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በፕሮጀክተሩ ላይ ያሳብባል። ፕሮጀክተር ግን ጥቁር ቀለም መላክ አይችልም። በሥዕሉ ውስጥ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ከነጩ ሸራ የበለጠ ሊጠቁር አይችልም። አንድ ባለ 3000 ሉመን ፕሮጀክተር ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ቢያበራ 1000 ሉክስ ያህል ይደርሰዋል። ለመጻፍ የሚበቃው የክፍል ብርሃን ደግሞ 500 ሉክስ ያህል ነው። ይህ ብርሃን በሸራው ላይም ቢያርፍ፣ ነጩ ቦታ 1500፣ ጥቁሩ 500 ይሆናል። ነጩ ከጥቁሩ ሦስት እጅ ብቻ በለጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል።

አሁን ግድግዳው ተከፍቶ ግራጫ ቀለም ያለው መስተዋት ይግባበት። በመስተዋቱ ጀርባ ብርሃን የሚበትን ስስ ሽፋን አለ፤ ፕሮጀክተሩ ከወዲያ ሆኖ በዚያ ላይ ያበራል። መስተዋቱ ከሚያልፍበት ብርሃን ግማሹን ያስቀራል እንበል። የሥዕሉ ብርሃን ወደ እኛ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ስለሆነ ከ1000 ወደ 500 ይወርዳል። የክፍላችን ብርሃን ግን ገብቶ፣ ሽፋኑን ነክቶ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ስለዚህ ከ500 ወደ 125 ይወርዳል። ነጩ 625፣ ጥቁሩ 125፤ ልዩነቱ አምስት እጅ ሆነ። ብርሃን ጥለን ሥዕል አተረፍን! ይህም ሽፋኑ የነካውን ብርሃን ሁሉ ይመልሳል ብለን ነው። በእውነቱ ብዙው ወደ ኋላ ክፍል አልፎ ስለሚቀር ትርፉ ከዚህም ይበልጣል።

ይህ የሚሆነው ታዲያ የኋላው ክፍል ጨለማ ሲሆን ነው። ግድግዳው፣ ጣራው፣ ወለሉም ሳይቀር በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም መቀባት አለበት። በሂዩስተን የሚገኘው የአፖሎ በረራዎች መቆጣጠሪያ አዳራሽ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ፣ መሐንዲሶቹ መብራት በበራበት አዳራሽ እያነበቡና እየጻፉ ፊት ለፊት የሚያዩት ሥዕል ከጀርባ የሚመጣ ነበር። ፕሮጀክተሮቹ የተቀመጡበትን ጨለማ ክፍል ሠራተኞቹ የሌሊት ወፍ ዋሻ ይሉት ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክፍል ቢሠራ በሁለተኛው ወር የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን እንዳይሆን እንፈራለን።

የኋላው ክፍል ጠባብ ሲሆን የብርሃኑን መንገድ በመልክ ማያ መስተዋት ማጠፍ ይቻላል። ቤታችን ያለው ዓይነት ግን አይሆንም፤ ብሩ ከጀርባው ስለተቀባ ሥዕሉን ሁለት አድርጎ ያሳያል። ብሩ ከፊት የሆነ ያስፈልጋል። ከኋላ የበራ ሥዕል ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታያል፤ አንዱ መልክ ማያ መልሶ ያቃናዋል፤ መልክ ማያ ከሌለም ፕሮጀክተሩ ራሱ እንዲገለብጥ ይታዘዛል።

ቋንቋችን መልክ የምናይበትንም፣ ብርሃን የሚያስገባውንም መስተዋት ማለቱ በዚህ ሥራ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ስክሪን በመስኮት አንጻር ከተተከለ የምናየው ላሊበላን ሳይሆን መስኮቱን ነው። ስለዚህ መስኮት በጎን የሚቀርበት ግድግዳ ይመረጥ፤ አምፖሎቹም ብርሃናቸው በጠረጴዛ ላይ እንዲወድቅ ይከለሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ተከላው ነው። የአንድ ካሬ ሜትር መስተዋት ክብደት በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእኛው 3 ካሬ ሜትር እንግዲህ 75 ኪሎ ይመዝናል። ቴምፐርድ የሚባለው መስተዋት በእሳት ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ቢሞከር ሁለንተናው ይረግፋል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ግድግዳው ተለስኖ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም ይለካ። መስተዋቱ በፍሬሙ ውስጥ በሁለት ጠንካራ ጎማዎች ላይ ይቀመጥ እንጂ ብረት አይንካ፤ በዙሪያውም በሙቀት ሲሰፋ የሚገባበት ጥቂት ክፍተት ይተውለት።

ወንበሮቹስ? ዓይናችንና የፕሮጀክተሩ ሌንስ በአንድ መስመር ሲውሉ የሥዕሉ መካከል ደምቆ ዳሩ ይደበዝዛል። ሽፋኑ ብርሃኑን በሚገባ ካልበተነ ይህ ይብሳል፤ በጎን የተቀመጠውም ጨለማ ሥዕል ያያል። ፕሮጀክተሩን ማራቅና የበለጠ የሚበትን ሽፋን መምረጥ ይረዳል። ለሃያ ሰው ክፍል ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ይበቃል። መቶ ሃምሳ ሆነን በምንታጨቅበት አዳራሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳው ግድግዳ በስተጀርባ ያለውን ክፍል ለክተነዋል፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ አንድ መልክ ማያ ከተጨመረበት ይበቃል።