በሩን የሚከፍተው የራሳችሁ እጅ ነው

ሆረር ፊልም የሚያይ ሰው ሲፈራ ዓይኑን ይጨፍናል። እሱ ቢጨፍንም ፊልሙ አይቆምም፤ ባለታሪኳ ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች፣ የሚደርስባት ይደርስባታል፣ ተመልካቹም ጩኸቱ ሲያበቃ ዓይኑን ይገልጣል። ሆረር ጌም ይህን መውጫ አይሰጥም። ጆይስቲክ የያዘው ሰው ካልተራመደ ማንም አይራመድለትም፤ በሩን ካልከፈተው ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ወደሚፈራው ነገር በራሱ እግር መሄድ ያለበት እሱ ነው። ጎበዝ የሆረር ጌም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚገነቡት በዚህች እውነት ላይ ነው፤ ጭራቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን «አምኒዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሰንት» እንውሰድ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአብዛኞቹ ጌሞች በር የሚከፈተው አንድ ቁልፍ በመጫን ነው። በአምኒዥያ ግን ማውሱን ተጭኖ ይዞ እንደ እውነተኛ በር መጎተት ወይም መግፋት ያስፈልጋል። ቀስ ብለው ከጎተቱት በሩ ገርበብ ይላል፤ በስንጥቁ አሾልቆ ማየት ይቻላል። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከፈት የሚወስነው የተጫዋቹ እጅ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ ክንዱ ይገባል። የሚያሳድድ ነገር ሲመጣ ደግሞ እጅ ይሳሳታል፣ መጎተት ሲገባው ይገፋል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። መሣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ዱላ እንኳ አይገኝም። ያለው መሸሽና መደበቅ ብቻ ነው።

ወደ ሌሎቹ ጌሞች ከመሄዳችን በፊት ሰውነታችን በሁለት መንገድ እንደሚፈራ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ድንገተኛ ጩኸት ወይም እንቅስቃሴ የሚያመጣው ድንጋጤ ነው። ትከሻ ይሰበሰባል፣ ዓይን ይርገበገባል፤ ይህ የሚጀምረው አእምሮ «ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ጀግናና ፈሪ አይለይም። ድክመቱ ቶሎ መለመዱ ነው፤ ያው ድምፅ ሲደጋገም ሰውነት ችላ ይለዋል። ሁለተኛው ስጋት ነው፤ አንድ ነገር እንደሚመጣ እያወቁ መቼና ከየት እንደሆነ አለማወቅ። ይኼኛው ለሰዓታት ይቆያል። ሁለቱም ይመጋገባሉ። ጨለማ ውስጥ ያለ ወይም አደጋ የሚጠብቅ ሰው ለዚያው ድምፅ የበለጠ እንደሚበረግግ በቤተ ሙከራ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። ርካሹ ሆረር ጌም ድንጋጤውን ብቻ ይዞ በየአምስት ደቂቃው ፊት በስክሪን ላይ ያፈነዳል፤ ከሦስተኛው በኋላ የሚቀረው መሰልቸት ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ አስማምቶ ያሳየው በ1996 የወጣው የካፕኮም «ሬዚደንት ኢቪል» ነው። ሺንጂ ሚካሚ የመሩት ይህ ጌም አንድን ትልቅ ቤት እንድናስስ ያደርገናል። ጨዋታው ገና በጊዜ ሳለ ተጫዋቹ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ውሾች መስታወቱን ሰብረው ይገባሉ። ድንጋጤው አፍታ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ቤት ያለ መስኮት ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ምንም የማይወጣባቸው መስኮቶች ሠሪዎቹ ምንም ሳይደክሙ ሥራቸውን ይሠሩላቸዋል። ካሜራው ተጫዋቹን ተከትሎ አይዞርም፤ በየክፍሉ ጥግ ተተክሏል። ስለዚህ ከመታጠፊያው ወዲያ የሚጎተት እግር ይሰማል፣ ባለ እግሩ ግን አይታይም። ሴቭ ለማድረግ (የደረሱበትን ለማስቀመጥ) እንኳ የጽሕፈት መኪና ሪባን ያስፈልጋል፤ አንዱ ሪባን ለአንድ ጊዜ ብቻ። ሪባን ለመቆጠብ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሴቭ ሳያደርግ የተጓዘ ሰው ጭራቁ ከሚያደርስበት ይልቅ ልፋቱ ውኃ እንዳይበላው ይሰጋል። ጭራቁ የሥዕል ነው፤ ያ የጠፋ ሰዓት ግን የእውነት ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ኮናሚ «ሳይለንት ሂል»ን አወጣ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ማኅደረ ትውስታ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ አንድ ሙሉ ከተማ ከሩቅ አሳይቶ ማስኬድ አይችልም። ሠሪዎቹ ከተማዋን በጉም ሸፈኗት። ማሽኑ መሳል የማይችለውን ጉሙ ደበቀለት፤ ተጫዋቹ ደግሞ ከጥቂት እርምጃ በላይ የማያይ ሆነ። ባለታሪኩ የሚፈልጋት ልጁ እዚያ ውስጥ ናት፣ የሚሸሸውም እዚያው ውስጥ ነው። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ታሪክ ከእጥረት የተወለደ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለም።

ጉሙ ላይ ኪስ ውስጥ የሚገባ አንዲት ሬዲዮ ጨመሩበት። ጭራቅ ሲቀርብ ሬዲዮዋ መንሻሻት ትጀምራለች። ስትታይ እርዳታ ትመስላለች፤ ማስጠንቀቂያ ናትና። ግን የምትናገረው ግማሹን ብቻ ነው፦ አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ አትናገርም። ምንም ያልተነገረው ሰው ይዝናናል፤ ሁሉ የተነገረው ይዘጋጃል፤ ግማሹን የሰማ ግን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም ሁልጊዜ ከሚሳለው የከፋ ነገር ነው። አኪራ ያማኦካ የሠራው የብረት ፍጭት የመሰለ ሙዚቃ ሲታከልበት ደግሞ የትኛው ድምፅ ከሙዚቃው፣ የትኛው ከጉሙ ውስጥ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ በ2014 ያወጣው «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» በ1979 የወጣውን «ኤሊየን» የተባለ ፊልም ተከትሎ የተሠራ ነው። የፊልሟ ጀግና ልጅ አማንዳ ሪፕሊ ሴቫስቶፖል በምትባል የጠፈር ጣቢያ ከአንድ ፍጡር ጋር ትታገታለች። ፍጡሩ አይገደልም። የነበልባል መወርወሪያ ሲገኝ እንኳ የሚያደርገው ለጊዜው ማባረር ነው። በአብዛኞቹ ጌሞች ጠላት መንገዱ አስቀድሞ የተሰመረለት ነው፤ ሁለት ጊዜ የሞተ ተጫዋች በሦስተኛው መንገዱን በቃሉ ይዞ ያልፋል፣ ፍርሃቱም ያበቃል። የኤሊየኑ መንገድ ግን በቃል አይያዝም።

ምክንያቱ ፍጡሩ የሚነዳው በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መሆኑ ነው። አንደኛው ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ ተጫዋቹ የት እንዳለ፣ ፍጡሩ የት እንዳለ ዘወትር ያውቃል። ሁለተኛው የፍጡሩ የራሱ አእምሮ ነው፤ እሱ የሚያውቀው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። የላይኛው ለታችኛው ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ አይነግረውም። «በዚያ አካባቢ ፈልግ» ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማግኘት የፍጡሩ ፋንታ ነው። የላይኛው በተጨማሪ የጭንቀት መጠን ይለካል። ፍጡሩ ሲቀርብ፣ ለዓይን ሲታይ፣ ተጫዋቹ በያዘው የእንቅስቃሴ መጠቆሚያ ላይ የፍጡሩ ነጥብ ሲበራ ልኩ ይጨምራል። ሲሞላ ፍጡሩ ወደ ጣሪያው አየር ማስተላለፊያ ቱቦ እንዲመለስ ይደረጋል፤ ሲቀንስ እንደገና ይላካል። ተጫዋቹ የሚተነፍስበት ጊዜ በማሽን የተሰላ ነው ማለት ነው። ያለ ማቋረጥ የሚያሳድድ ጭራቅ ቶሎ ይለመዳል፤ እየሄደ የሚመለሰው ግን አይለመድም።

ድብብቆሽ የተጫወተ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ፈላጊው «ኩኩሉ» ሲል ድምፁ የት እንዳለ ያሳብቅበታል፤ ልብ የምትመታው ዝም ብሎ በእግሩ መፈለግ ሲጀምር ነው። ሠሪዎቹ ይህንን አውቀው በተጫዋቹ እጅ ያለውን ረዳት ሁሉ ባለ ሁለት ስለት አድርገውታል። መጠቆሚያው ፍጡሩ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል፤ ነገር ግን ሲያዩት ከፊት ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዛል፣ ጢጥ ጢጥ ማለቱንም ፍጡሩ ከቀረበ ይሰማዋል። ሴቭ የሚደረገው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማሽን ካርድ በመክተት ነው፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪበሩ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። እነዚያን ሰከንዶች እንደ ሰዓታት የማይቆጥር ተጫዋች የለም። ከዚህም በላይ በኮንሶሉ ካሜራ ላይ ያለውን ማይክሮፎን ማብራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹ ሳሎኑ ውስጥ ቢያስነጥስ ፍጡሩ ጠፈር ላይ ሊሰማው ይችላል። በእኔ ግምት እስካሁን በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ በረቀቀ ምሕንድስና የሚስተካከለው የለም።

ዓይንም ሌላ መሣሪያ ነው። በአምኒዥያ ጭራቁን ትክ ብሎ ማየት ባለታሪኩን ያሳብደዋል፤ ስክሪኑ ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ተጫዋቹ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ግድግዳ እያየ የእግር ኮቴ ይሰማል። ቴክሞ በ2001 ያወጣው የጃፓኑ «ፌታል ፍሬም» ተቃራኒውን ያዝዛል። መሣሪያው የድሮ ፎቶ ካሜራ ነው፤ መናፍስቱ የሚሸነፉት ፎቶ ሲነሱ ነው፣ በጣም ሲቀርቡ የተነሳው ፎቶ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳቸዋል። ዓይን መሸሽ የሚፈልገው ነገር እስከ አፍንጫ ድረስ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ነው። አንዱ እንዳናይ ይከለክላል፣ ሌላው እንድናይ ያስገድዳል፤ ሁለቱም የሚነጥቁን በራሳችን ዓይን ላይ ያለንን ሥልጣን ነው።

በመጨረሻ አንድ መተላለፊያ አለ። ነሐሴ 2014 ላይ ማንም በማያውቀው ስቱዲዮ ስም «ፒ.ቲ.» የተባለ ጌም በፕሌይስቴሽን 4 በነፃ ተለቀቀ። ከጀርባው ሂዲዮ ኮጂማና የፊልም ዳይሬክተሩ ጊየርሞ ዴል ቶሮ ነበሩ። ጌሙ የአንድ ተራ መኖሪያ ቤት መተላለፊያ ነው፤ ሰዓት፣ ፎቶ፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ አንድ መታጠፊያ። መጨረሻው ላይ ያለውን በር ከፍተው ሲወጡ ተመልሰው የሚገቡት እዚያው መተላለፊያ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ዙር የሄደ አእምሮ ቤቱን በቃሉ ይይዘዋል። ሠሪዎቹ የሚፈልጉትም ይህንን ነው፤ ቤቱን የለመደ ሰው ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ዙር ተዘግቶ የነበረ በር ገርበብ ብሎ ሲያገኘው ጭራቅ ያየ ያህል ይበረግጋል። እዚህ ላይ የሚያስፈራው እንግዳ ነገር አይደለም፣ የታወቀው ቦታ ታማኝነቱን ማጣቱ ነው። በ2019 የጌሙን ፕሮግራም የፈተሸ ሰው አንድ ነገር አገኘ፦ ተጫዋቹ የእጅ ባትሪውን ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ሊዛ የተባለችው መንፈስ ከኋላው ተጣብቃ አብራው ትሄዳለች። «ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኛል» ያሉት ሁሉ ልክ ነበሩ። የጌሙ ባለቤት ኮናሚ ጌሙን በሚያዝያ 2015 ከመደብሩ አንስቶታል።

ይህን ሁሉ ራሳችሁ መፈተን ከፈለጋችሁ «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን»ን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ ተጫወቱ፤ ግማሹ ፍርሃት ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ በማዳመጫ፣ ብቻችሁን ድገሙት። ጓደኛ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራ ከሆነ አይሠራም፤ በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ጫጫታ መካከል ኳስ ጌም እንጂ ይህ አይሆንም። ወላጆች ግን የጌሙ ማሸጊያ ላይ ያለውን ቁጥር እዩልኝ። በአውሮፓ የዕድሜ ምደባ ይህ ጌም 18 ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ባለበት ክፍል አታብሩት።