ስለ መኪና እጥበት ፍሳሽና ስለ አዲስ አበባ ወንዞች

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ እየመነጩ በአዲስ አበባ መካከል የሚወርዱት ወንዞች፣ ቀበናም ቢሆን ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡም ቢሆን ቁርጡሜ፣ በመጨረሻ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃለው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ጠረፍ ባለው በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነውና፣ ከርእሰ ከተማው የተቀበለውን ሁሉ በገዛ አገሩ ሲያከፋፍል ይኖራል እንጂ ለውቅያኖስ አያስረክበውም። በዚህ ጉዞ ላይ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ስላደረሰው ጥፋት ብዙ ተጽፏል፤ ላቫጆ ግን በየሰፈሩ የተበተነ፣ እያንዳንዱም ለየብቻው ሲታይ አነስተኛ በመሆኑ፣ ከጸሐፍትም ከሹማምንትም ዓይን ለረጅም ዘመን ተሰውሮ ኖሯል።

«እጥበትና ግራሶ» የሚል ሰሌዳ በተሰቀለበት ግቢ የሚሠራው ሥራ ለማንም ስውር አይደለም። ጭቃው በፕሬሸር ይራገፋል፣ አካሉ በኦሞ አረፋ ይታሻል፣ ሞተሩ ቅባት ከያዘው በናፍጣ ይታጠባል፤ በበዓላት ዋዜማማ የመኪናው ሰልፍ ከግቢው አልፎ አስፋልቱን ይይዛል። ከአንዱ መኪና ብቻ ከመቶ ሊትር በላይ የሚፈሰው ውኃ ጭቃውን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱንና ከፍሬን ሸራ የተፋቀውን ብናኝ ተሸክሞ በመንገድ ዳር ካለው ቱቦ ይገባል። የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ይህ ቱቦ የዝናብ ጎርፍ መውረጃ እንጂ የፍሳሽ መስመር አለመሆኑን አጣቢውም ባለመኪናውም አለማስተዋላቸው ነው። በፍሳሽ መስመር የገባ እድፍ ቃሊቲ ካለው ማጣሪያ ይደርሳል፤ ያም ማጣሪያ ቀድሞ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ ይቀበል የነበረው ተስፋፍቶ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲችል ተደርጓል፤ የጎርፉ ቱቦ ግን ያገኘውን ሁሉ ሳያጣራ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል። በአቃቂ ዳር ሰላጣና ጎመን የሚያለሙት አትክልተኞች ያንኑ ውኃ እየሳቡ መደባቸውን ያጠጡበታል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉ ሰጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ከልክሎ፣ የበከለ ያጸዳ ዘንድ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍል ዘንድ አዟል። ከዚህም አልፎ፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንኛውም ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፍቷል፤ ሃያ ዓመት ባለፈው በዚህ መብት የሚገለገል ሰው ማግኘት ግን ብርቅ ነው። በመጨረሻም የከተማው አስተዳደር ደንብ ቁጥር 180/2017ን አውጥቶ፣ ወንዝ በሚበክል ላይ እስከ 1 ሚሊዮን ብር የሚደርስ መቀጮ ደነገገ።

መቀጮው ከበደ ብዬ አልከራከርም፤ ወንዞቹ ከደረሱበት ጉስቁልና አንጻር ቢከብድም አይፈረድበትም። ነገር ግን የሚቀጣው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ከላቫጆ ባለቤቶች ብዙዎቹ መንግሥት ራሱ በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጅቶ፣ ከመንገድ ጥግ ወይም ከወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት አመልክቶ፣ ሠርታችሁ ብሉ ያላቸው ወጣቶች ናቸው፤ ፈቃዱ ሲሰጣቸው ስለ ግብሩ በሚገባ ተጠይቀዋል፣ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ግን አጥብቆ የጠየቃቸው አልነበረም። ሌሎቹም ግቢ በወር በወር ተከራይተው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ነገ ልቀቁ ሊባሉበት በሚችሉት የሰው መሬት ላይ የሲሚንቶ ጉድጓድ ለመቆፈር ልባቸው አይደፍርም፤ እንደኔ ግምት ከድንቁርናም ከክፋትም ይልቅ ወንዙን የጎዳው ይህ የመሬት አለመጽናት ነው።

የሚፈለገው ግንባታ ያን ያህል የረቀቀ ጥበብ አይደለም። ወለሉ ውኃ እንዳያሰርግ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ ውኃው ተከታትለው በተሠሩ ሦስት ክፍሎች ያልፋል፤ በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ከሦስተኛው የተሻለው ውኃ ይወጣል። ሆኖም ባለሙያ የሚያውቀው፣ ደንብ አስከባሪ ግን የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ሳሙና ዘይትን ከውኃ ጋር ስለሚያዋሕድ፣ ኦሞ በበዛበት ጉድጓድ ዘይቱ መንሳፈፉን ትቶ ከውኃው ጋር ተያይዞ ያልፋል። ስለዚህ የሞተር እጥበትና የዘይት ቅየራ ከአካል እጥበቱ ተለይቶ ካልተሠራ፣ ጉድጓዱ መቆፈሩ ብቻውን አይረባም። የዘቀጠውም ጭቃ በየጊዜው ካልተዛቀ፣ ተዝቆም ክረምት ጠብቆ ቱቦ ውስጥ ከተጣለ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የተቃጠለው ዘይት እንኳ ገዢ አያጣም፤ ለኮንክሪት ፎርማ የሚቀቡት፣ እንጨታቸውን ከምስጥ ለመጠበቅ የሚለቀልቁት ይፈልጉታል፤ ይሁንና ከግንበኛው እጅ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለሚገባው ዘይት ተጠያቂው ማን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አይተው፣ ኤሌክትሪኩ መኪና ችግሩን ይፈታዋል የሚሉ አሉ። የሞተር ዘይቱን በእውነት ይቀንሰዋል፤ የአዲስ አበባን የክረምት ጭቃና የኦሞውን አረፋ ግን አያስቀረውም።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር የምናቀርበው ልመና ግልጽ ነው፤ መቀጮውን ከማስከፈል አስቀድሞ፣ የትኛው ቱቦ ወንዝ፣ የትኛው ቃሊቲ እንደሚወርድ በየአፉ ምልክት ያድርግ፤ ጎን ለጎን ለሚሠሩ ላቫጆዎች አንድ የጋራ ጉድጓድ ያሠራላቸው፤ ቦታቸውንም ጥቂት ዓመት በማይነጥቅ ውል ያጽናላቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ዘይቱን ከቱቦ የሚደፋ ላቫጆ ቢገኝ፣ 1 ሚሊዮኑን ብር ያለ ምሕረት ይክፈል።