ስለ አክሲዮን ትርፍ አቆጣጠር

የንግድ ሰው የዕቃውን ትርፍ ሲቆጥር የመግዣውን ዋጋ ብቻ አይዝም፤ የማጓጓዣውን፥ የቀረጡንና የመጋዘኑንም ወጪ ይጨምራል። አክሲዮን የገዛ እንደ ሆነ ግን ይህን መልካም ልማዱን ሲተው ብዙ ጊዜ ይታያል።

በአዲስ አበባ በ1957 ዓ.ም. የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ ሥራው ቀረ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ገበያ ስለ ተከፈተ፥ አክሲዮን በገበያ ዋጋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት መንገድ እንደገና ተገኝቷል። ስለዚህ ሒሳቡን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ 100 አክሲዮን እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዛ እንበል። ለአገናኙ 1,000 ብር ስለ ከፈለ ያወጣው ገንዘብ 101,000 ብር ነው። በዓመቱ ለአንድ አክሲዮን 120 ብር የትርፍ ድርሻ ተወሰነለት፤ ግብሩ ተቀንሶ እጁ የገባው 10,800 ብር ሆነ። ከዚያም አክሲዮኑን በ1,060 ብር ሸጠ፤ የአገናኙ 1,060 ብር ሲነሣ 104,940 ብር ቀረው። ባለሱቁ «12ና 6 ሲደመር ከመቶ 18 አተረፍሁ» ይል ይሆናል። ነገር ግን የገባው ሁሉ 115,740 ብር ስለ ሆነ፥ ወጪው ሲቀነስ ትርፉ 14,740 ብር ነው፤ ይህም ለ101,000 ሲካፈል ከመቶ 14.6 ያህል ይሆናል። በሽያጩ ላይ ግብር የሚከፈል ከሆነ እርሱም ይቀነሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ይኸው ትርፍ የተገኘው በሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ የየዓመቱ ድርሻ ከመቶ 7 ያህል ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የዕቃ መወደድ ነው። ሸቀጡ በዓመቱ ከመቶ 10 ቢወደድ፥ 101,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ 111,100 ብር ያወጣል። እንግዲህ ከትርፉ 10,100 ብር ዕቃውን ለመተካት ይውላል፤ እውነተኛው ብልጫ 4,640 ብር ነው።

በውጭ አገር ኦፕሽን የሚባል ውልም አለ፤ በቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1973 ራሱን የቻለ ገበያ ተከፍቶለታል። የመግዣው ኦፕሽን እንደ ቀብድ ያለ ነው፤ ገዢው ጥቂት ከፍሎ አክሲዮኑን እስከ ተወሰነ ቀን በተቈረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ያገኛል፤ የከፈለው ግን አይመለስም። በ50 ዶላር 100 አክሲዮን ለመግዛት 300 ዶላር የከፈለ ሰው፥ በመጨረሻው ቀን ዋጋው 56 ቢደርስ 600 ያገኛል፤ ገንዘቡም እጥፍ ይሆናል። ዋጋው 52 ቢሆን ግን 200 ብቻ አግኝቶ 100 ይከስራል፤ አክሲዮኑን ራሱን በ50 የገዛው ግን 200 ያተርፋል። ከ50 ካላለፈ 300ው ሁሉ ይጠፋል።

ስለዚህ ብልህ ነጋዴ የሱቁን ማንቀሳቀሻ ገንዘብ ወደ አክሲዮን ከማዞሩ በፊት፥ ያው ብር በዕቃ ላይ በዓመት ስንት ጊዜ ተመላልሶ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን አስተያይቶ ይወስናል።