ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ለምን?

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ማታ የቆመ ሰው የቦሌን መብራት ቁልቁል ያየዋል። አክስቴን ባለፈው ዓመት ወደ ዋሽንግተን የሸኘናቸው ከዚያ ሠፈር ነው። ትኬታቸውን ያነበበላቸው ልጅ መሄጃውን 10፣ መመለሻውን 20 ሰዓት ብሎ ስለነገራቸው፣ "የሚያደክመኝስ መመለሻው ነው" ብለው ተነሱ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻና መድረሻ በየአገሩ ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ልዩነቱ ሲታሰብ መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

በቦሌና በዋሽንግተኑ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ያው ሆኖ ሰዓቱን የሚለየው በዋናነት የቦሌ ከፍታ ነው። ደላስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቦሌ ግን 2 ሺህ 334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ማለትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። የቦሌ መንደርደሪያ 3 ሺህ 800 ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውም ይህን ሁሉ አይሸፍንም። በዚያ ላይ አውሮፕላን ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በዙሪያው ካሉ ተራሮች በበቂ ከፍታ ማለፍ መቻል አለበት። እንጦጦ ደግሞ በሰሜን በኩል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና ሙሉ ነዳጁን አንድ ላይ ይዞ መነሳት አይቻልም። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ትንሽ ስለሚያወፍረው ያግዛል፤ ችግሩን ግን አይፈታም።

በመሆኑም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። በግድግዳ ካርታ ላይ ደብሊን ሩቅ ሰሜን ያለች ትመስላለች። በሉል ላይ ክር ወጥሮ ለሚለካ ግን በሮም ማለፍ መንገዱን የሚያስረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር፣ በደብሊን ማለፍ ከ300 ባነሰ ነው። በሎሜ በኩል 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ሎሜ ግን የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ ይገኝባታል።

ወደ ምዕራብ ሲበር ሌላም እንቅፋት አለ፦ አትላንቲክን ሲያቋርጥ በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋዋል። ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ያግዘዋል፤ ከዝቅተኛው ደላስም ታንኩን ሞልቶ ስለሚነሳ በቀጥታ ይመጣል። በ1976 ዓ.ም አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ በርሮ በወቅቱ የባለሁለት ሞተር ጄቶችን የርቀት ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ የበረረው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነበር።

በነዳጅ መሙያው ማረፊያ ወደ አሜሪካ የሚቀጥለው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሳም። ይህን አክስቴ አልሰሙም ነበር። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንግበው ተነሱ። አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት "እማማ፣ ገና ግማሽ መንገድ ነን" ብላ ባታስቀምጣቸው ኖሮ ቋንቋውን በማያውቁት አገር ሊወርዱ ነበር። ብቻቸውን የሚሄዱ እናትና አባት ላለው ሰው የማረፊያውን ከተማ ስም በወረቀት ጽፎ ቦርሳቸው ውስጥ ማኖር ቀላል ነው፤ እኛ አላደረግነውም።