ሙቀትና የወር አበባ ሕመም

የወር አበባ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ሁሉ የሚያጋጥማት የተፈጥሮ ሂደት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ይሁንና ብዙ ልጃገረዶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእንብርታቸው በታች በሚሰማቸው ቁርጠት ይሠቃያሉ። ሕመሙ ወደ ወገብና ወደ ጭን ሊዘልቅ፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታትም ሊያስከትል ይችላል። በዚህም የተነሣ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ አሉ፤ «የሴት ልጅ ዕጣ ነው፤ ቻዪው» እየተባሉ በዝምታ የሚያሳልፉትም ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን የሕመሙ መንሥኤ የታወቀ ነው፤ ማስታገሻም አልታጣለትም።

ለመሆኑ ሕመሙ ከምን ይመጣል? ፅንስ ሳይፈጠር ሲቀር የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ከሽፋኑ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር የማኅፀንን ጡንቻ እያኮማተረ ሽፋኑ ከደም ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። መጠኑ ሲበዛ ግን ጡንቻው ከልክ በላይ ይኮማተርና በውስጡ የሚያልፉትን የደም ሥሮች ይጫናል። ስለዚህ ለጡንቻው የሚደርሰው ደምና ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ሕመሙም ይጸናል።

ሙቀት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከእንብርት በታች የሚያርፍ ለዘብ ያለ ሙቀት የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፤ የደሙንም ዝውውር ያቀላጥፋል። በእሳት የሞቀ ጨርቅ ሆድ ላይ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የጨርቁ ሙቀት ፈጥኖ ይጠፋል፤ ታማሚዋንም ከመኝታዋ አያስነሣም። ይህን ችግር ለማቃለል በልብስ ሥር የሚታጠቅ ማሞቂያ ተሠራ። አንዱ ዓይነት እንደ መቀነት ስስ ሆኖ በውስጡ የብረት ብናኝ፣ ከሰል፣ ጨውና ውሃ ይዟል። ማሸጊያው ተቀዶ አየር ሲያገኘው ብረቱ መዛግ ይጀምራል፤ ሲዝግም ሙቀት ይሰጣል። ባትሪም ሆነ እሳት ሳያስፈልገው ለብዙ ሰዓታት ስለሚሞቅ፣ ተማሪዋ ታጥቃው ትምህርቷን ልትከታተል ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ በአዋቂ ሴቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅና በቀን ለ12 ሰዓታት የሚታጠቅ ማሞቂያ አይቡፕሮፌን ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር የሚተካከል ውጤት እንደሰጠ አመልክቷል።

ማሞቂያውን መግዛት ያልቻለች ልጃገረድ ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት ሞልታ፣ በፎጣም ጠቅልላ መጠቀም ትችላለች፤ ውሃው ግን የፈላ መሆን የለበትም። የትኛውንም ማሞቂያ ታጥቆ መተኛት ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል አይገባም፤ ቆዳው ቢቀላ ወይም ቢለበልብ ወዲያው ማውለቅ ያስፈልጋል።

ሙቀት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ሌላ በሽታን አይፈውስም። ስለሆነም ሕመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ፣ ደሙ ከመጠን በላይ ከፈሰሰ ወይም ትኩሳት ከታከለበት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ልጃገረዷም ሕመሟን ለእናቷ፣ ለታላቅ እኅቷ ወይም ለመምህርቷ ለመንገር ልታፍር አይገባትም፤ የክፍል ጓደኞቿም፣ ወንዶቹ ጭምር፣ ሊያፌዙባት ሳይሆን ሊረዷት ይገባል።