የታካሚው ቃል እንደ መረጃ፦ የጤና ታሪክ አወሳሰድና የሕመም ምዘና በነርስነት አገልግሎት

የደም ግፊት፣ የሙቀት መጠንና የልብ ምት በመሣሪያ ይለካሉ። ሕመም ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም፤ ለነርስ ባለሙያው የሚደርሰው በታካሚው ቃልና በአካሉ ሁኔታ በኩል ነው። አሜሪካዊቷ የነርስ ባለሙያ ማርጎ ማካፈሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ሕመም ነው የሚለው፣ አለ በሚልበትም ጊዜ ሁሉ ያለ ነገር እንደሆነ ተርጉማዋለች። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ ሰው ሕመሙን ሲናገር ቃሉ ሊከበር እንደሚገባና መናገር አለመቻል ሕመም ላለመኖሩ ማስረጃ እንደማይሆን አስፍሯል።

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ይህ ቃል ረጅም መንገድ ይጓዛል። ታካሚው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ የሕክምና መዝገቡ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በመካከል ያለው ትርጉም የባለሙያው ሥራ ነው። «ሕመም» የሚለው ቃል ራሱ በሽታንም ስቃይንም ያመለክታልና፣ «ምን ያመዎታል?» ሲባል አንዱ «ስኳር አለብኝ»፣ ሌላው «ወገቤን» ሊል ይችላል።

ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 ገላጭ ቃላትን በ20 ምድቦች ከፍሏል፤ የሕመም ዓይነት ከመጠኑ ተለይቶ መመዝገብ እንዳለበት ያሳያል። አማርኛም ለዚህ የሚሆኑ ግሶች አሉት። «ጎኔን ሲተነፍስ ይወጋኛል» የሚል ታካሚ የሳንባ ሽፋን መቆጣትን ሊያመለክት ይችላል። «ሆዴን መጣ ሄደት እያለ ይቆርጠኛል» የሚለው የአንጀትን ወይም የሽንት ቱቦን መኮማተር ያስጠረጥራል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» ሲል ደግሞ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ ፓራሲታሞል ያሉ የተለመዱ ማስታገሻዎች ብዙ ላይረዱት ይችላሉ። ሦስቱም በመዝገብ ላይ «ሕመም አለው» ተብለው ቢጻፉ ልዩነቱ ይጠፋል።

ቦታን የሚገልጹ ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ልቤን ያቃጥለኛል» ወይም «ልቤን ያቅለሸልሸኛል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራን ነው። ሆኖም የልብ ድካም የሚመስል ሳይሆን የልብ ጡንቻ የደም እጥረትም በላይኛው ሆድ ማቃጠል ሊገለጥ ስለሚችል በቃሉ ብቻ መወሰን አደገኛ ነው። ታካሚው እጁን በሚያመው ቦታ ላይ እንዲያሳርፍ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሚዛመት፣ ምን እንደሚያባብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው መመርመር ያስፈልጋል።

ሰላምታም ከምዘና ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ይገባል። «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ማለት ወግ ነው፤ ሕመም የለም ማለት አይደለም። ሆዱን የተቀደደ ታካሚ ተኝቶ ሳለ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። «ሲያስሉስ? ሲገላበጡስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። ሕመሙን ፈርቶ በጥልቀት የማይተነፍስና የማያስል ሰው ለሳንባ ምች የተጋለጠ ስለሆነ፣ ምዘናው በዕረፍትም በእንቅስቃሴም ጊዜ መደረግ አለበት።

ከ0 እስከ 10 ያለው መለኪያ ለውጥን ለመከታተል ይጠቅማል። በቁጥር መግለጽ ለሚያስቸግረው ታካሚ «የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚሉት ደረጃዎች ወይም የፊት ሥዕሎች ይቀርቡለታል። መናገር ለማይችል ሕፃን ወይም ራሱን ለሳተ ታካሚ የፊት ገጽታ፣ የአካል እንቅስቃሴና የጡንቻ መወጠር ይታያሉ።

አስታማሚ ስለ ታካሚው ሲናገር መረጃው ከማን እንደተገኘ ይጻፋል፤ ታካሚው ራሱ መናገር ከቻለም ይጠየቃል። ቤት ውስጥ የተወሰደ ማስታገሻና የባህል መድኃኒት ያለ ወቀሳ መጠየቅ አለበት። የሚወቀስ ሰው ይደብቃል፤ ሳይነገር የቀረ ዲክሎፌናክ ደግሞ የጨጓራ መድማትን ወይም የኩላሊት ጉዳትን ምክንያት ሊሰውር ይችላል።

ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ ምዘናው ይደገማል፤ በደም ሥር ከተሰጠ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከተሰጠ ደግሞ በ1 ሰዓት ገደማ። «የሆድ ሕመም፣ 6 ከ10» የሚል ማስታወሻ ለተረኛው ባለሙያ የሚነግረው ጥቂት ነው። «ከእምብርት በላይ ‹ያቃጥለኛል› ይላል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ፤ ሲበላ ይብሳል፤ 6 ከ10፤ ከመድኃኒት በኋላ 3» የሚለው ግን የታካሚውን ቃል እንዳለ ያቆያል፤ ተረኛውም ምርመራውን ከዚያው ይቀጥላል።